ያላለውን አልኩለት

እኔ አፈኛ ነኝ። አፈኛ ስል ተሳዳቢ ማለቴ አይደለም፤ እንጀራዬ በአፌ ነው ማለቴ ነው። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከድንበሩ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ዳር የባስ ትኬት እቆርጣለሁ። ከኢትዮጵያ በኩል የሚሻገረው ሰው ስዋሂሊ አያውቅም። ሻንጣ የሚፈትሸው ፖሊስ አማርኛ አያውቅም። ከጎልቦ ከብት ሊሸጥ የመጣው ሰውዬ ደግሞ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ መስማት አይፈልግም። መሃላቸው እኔ አለሁ። ሲጨቃጨቁ ጥልቅ ብዬ፣ ለዚያ ያንን ለዚህ ይህንን ብዬ፣ አሳስቄ አስታርቄ ባሱን በሰዓቱ አስነሳለሁ።

አንዲት ዘዴ ነበረችኝ። ፖሊስ ተሳፋሪ ላይ ሲቆጣ ተሳፋሪው የሚለውን አልጠብቅም። «ጥፋቱን አምኗል፣ ይቅር በሉኝ ይላል» እላለሁ። ተሳፋሪው ከኋላዬ «ኧረ ምን አጠፋሁ?» እያለ ሲጮህ እኔ «በጣም ተጸጽቷል» እላለሁ። ፖሊሱ ልቡ ይራራል፣ ሻንጣው ይዘጋል፣ ባሱ ይሄዳል። ይህችን ዘዴ ከየትም አላመጣኋት። እኛ ዘንድ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ለዚህኛው «እሱ እኮ አንተን ማስቀየሙ እያንገበገበው ነው» ይላል፤ ለዚያኛው «እሱ እኮ ይወድሃል» ይላል፤ ሁለቱም ያላሉትን። ማንም ውሸት ብሎ አይቆጥረውም። ደግሞስ «አጠፋሁ» ያለን ሰው ማን ይመታዋል?

የከተማው ሰው «ሴኞራ» ነው የሚለኝ፤ በስፓኒሽ ወይዘሮ ማለት ነው። አባቴ ጦር ሜዳ ሲሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔ የወታደር ልጆችን ኩባ እየላኩ ያስተምሩ ነበርና እኔም ከብዙ ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኜ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ግማሽ ቀን እየተማርን፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ የሚሉትን የብርቱካን ዘመድ፣ መራራውን ፍሬ እየለቀምን ኖርን። ከዚያ ተመለስኩ። መንግሥት ሲለወጥ ተሰድጄ ኬንያ ገባሁ፣ የሞያሌ ሰው አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እዚሁ ቀረሁ። በዚህ ከተማ ስፓኒሽ የሚናገር ሌላ ሰው ስለሌለ ማን ይፈትነኛል? በየሰርጉ «እስቲ ትንሽ ተናገሪልን» ሲሉኝ ስለ ቶሮንሃ ለቀማ የምንዘፍነውን እለቅባቸዋለሁ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ። የእኔ ስፓኒሽ የልጅ ስፓኒሽ ነው። ምግብ አውቃለሁ፣ ደብተርና እርሳስ አውቃለሁ፣ «ደክሞኛል፣ ሆዴን አሞኛል» አውቃለሁ። ስለ ወንጀልና ስለ ሕግ ግን «ሌባ» ከምትለው በቀር አንዲት ቃል አልነበረችኝም። እሷንም ያወቅኋት ቶሮንሃ ስንሰርቅ ዘበኛው ስለሚጮህባት ነው።

በዚያ ሳምንት ድንበሩን ተሻግሬ ኢትዮጵያ በኩል ለቅሶ ነበርኩ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ሐሙስ ጠዋት ስመለስ፣ ገና ነጠላዬን ሳላወርድ አንድ ፖሊስ የትኬት ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል።

«ማማ ሴኞራ፣ ሳጅን ይፈልግሻል። አንድ ሙዙንጉ ይዘናል። እንግሊዝኛም ስዋሂሊም አይችልም። ያንቺን ቋንቋ ነው መሰለኝ የሚናገረው።»

«ፈረንጅ ከሆነ በስልክ አታስተረጉሙትም?» አልኩት፤ እንዲለምነኝ ፈልጌ ነው እንጂ።

«ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም እኮ።»

ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ። አርባ ዓመት ስመካበት የኖርኩት ነገር በመጨረሻ ለቁም ነገር ሊፈለግ ነው! በሞተር ሳይክል አፍሪካን የሚያቋርጥ ፈረንጅ እኛ ከተማ ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹ የሚቸገሩት በሞተሩ ወረቀት ነው። የጉምሩክ ቢሮውን እያዩ ያልፉታል፣ ተይዘው ይመለሳሉ፣ ይቅርታ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ይሄም እንደዚያው ነው ብዬ ደመደምኩ። «ምን አድርጎ ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ሴኞራ ምን ጠይቃ ታውቃለች!

ጣቢያው ስደርስ ሳጅን ሙቱዋ ትልቁን መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ዋሪዮ ተቀምጧል። ዋሪዮ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የኦዳ መንደር ሰው ነው፤ ፍየል ይነግዳል፣ በባሳችን ዕቃ የሚልክ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ሰላም ስለው አንገቱን ብቻ ነቀነቀልኝ። የራሱ ጉዳይ ይኖረዋል ብዬ አለፍኩት።

ፈረንጁ ስልሳን የዘለለ፣ ጺሙ የነጣ፣ ቀጭን ሰውዬ ነው። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ጠቁሯል። የሞተር ዘይት መሰለኝ።

«ቡኤኖስ ዲያስ፣ ሴኞር» አልኩት፣ እንደምን አደሩ ማለቴ ነው።

እናንተዬ! ሰውዬው ብድግ ብሎ ሁለት እጄን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ስሙ ራሞን ነው፣ አገሩ ቺሊ ነው። ከዚያ በኋላማ ጎርፍ ነው የወረደብኝ። የቺሊ ሰዎች ለካ ሲናገሩ ትንፋሽ አይወስዱም! ከአምስት ቃል አንዱን ብይዝ ነው። መንገድ፣ ሰው፣ እጅ፣ ፀሐይ። ልብ ብዬ ብሰማው ኖሮ «ሳንግሬ» ያለውንም እይዘው ነበር። ሳንግሬ ደም ማለት ነው፤ አውቀዋለሁ። ደጋግሞ ሳይለው አልቀረም። እኔ ግን «ሲ፣ ሲ» እያልኩ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ ጆሮዬ ያለው ፖሊሶቹ ጋ ነው። በሩ ላይ ተሰብስበው «ትችላለች እኮ! ሴትዮዋ ትችላለች!» ይላሉ። እኔ እሱን እየሰማሁ አልነበረም፤ እነሱን ነበር።

«የትናንቱን ጥፋት ያምናል? ጠይቂልኝ» አለኝ ሳጅን።

ጥፋት በስፓኒሽ ምን እንደሚባል አላውቅም። ማመንም እንዲሁ። አላውቅም ልበል? በዚያ ሁሉ ፖሊስ ፊት? ወደ ራሞን ዞር አልኩና የማውቃትን ጠየቅሁት፤ «አዝነሃል?»

«ሙቾ! ሙቾ!» አለ ደረቱን እየመታ። በጣም ማለት ነው።

በቃኝ። ወደ ሳጅን ዞሬ በለመድኩት ስዋሂሊ ለቀቅሁት። «ያምናል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በጣም ተጸጽቻለሁ ይላል። አይቻለሁ፣ ግን ቸኩዬ ስለነበር ዝም ብዬ አለፍኩ ነው የሚለው። ሽማግሌ ነው፣ የሰው አገር ሰው ነው፤ ይቅር በሉት።»

ሳጅን ብዕሩን አቆመ። ቀና ብሎ ትኩር አድርጎ አየኝ።

«እንዲህ ብሎ ነው ያለው?»

«ቃል በቃል» አልኩት።

ጻፈ። ረጅም ጻፈ። ከዚያ መዝገቡን አዞረልኝና አስተርጓሚ በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ፤ ስሜን፣ የመታወቂያዬን ቁጥር፣ ሁሉንም። እንዲያውም ፊርማዬን ጅራቷን አሳምሬ ጎተትኳት። ደንቡ ነውና ሳጅን የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ።

«እኔ ራሞን፣ ትናንት ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ኦዳ አጠገብ ጉዮ የተባለውን ሰው በሞተር ሳይክሌ ገጭቼ፣ መውደቁንና መድማቱን አይቼ፣ ስለቸኮልኩ ጥዬው መሄዴን አምናለሁ።»

ክው አልኩ።

የሰውዬውን ሸሚዝ አየሁት። ዘይት አይደለም። ዘይት እንዲያ አይደርቅም። ያ ሁሉ ደም ነው! ወደ በሩ ዞር ስል ዋሪዮ ቆሞ ያየኛል። ጉዮ ታናሽ ወንድሙ ነው። ጥርሱን ነክሶ «ሰማሽ አይደል ሴኞራ? ራሱ አመነ» አለኝ በኦሮምኛ። «ወንድሜ ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል ዓይኑን አልገለጠም። እሱ ግን ቸኩዬ ነበር ይላል።»

«ሳጅን» አልኩ፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «ሰውዬው… ሰው ነው የገጨው?»

«ማማ፣ ከተማው በሙሉ የሚያወራው ምን ሆነና?»

«ለቅሶ ነበርኩ።»

«ታዲያ የትናንቱ ጥፋት ስልሽ ምን መስሎሽ ነው?»

ጉምሩክ ማለት አቃተኝ። አፌ፣ ያ አፌ፣ ተሳሰረ። «ጉዮ ቢሞት ይሄ ወረቀት ምን ያመጣበታል?» ስል ብቻ ጠየቅሁ።

«እሱ የዳኛው ነው። ግን ማማ፣ ገጭቶ የቆመና ገጭቶ የሸሸ በሕግ አንድ አይደሉም። የሸሸ፣ ያውም አይቼ ነው የሸሸሁት ያለ፣ ዓመታት ይቆያል። በይ፣ አመሰግናለሁ፤ ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ።»

መሄድ ትችያለሽ! የፈጣሪ ያለህ፣ ምን ያህል ልሂድ ልሂድ እንዳለኝ ብታውቁ። ማንም አያውቅም። ራሞን ያልኩትን አልሰማም፣ ሳጅን እሱ ያለውን አልሰማም። ምስጢሩ ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ራሞን ከኋላዬ ጠራኝ። ዞር ስል እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። «ግራሲያስ፣ ሴኞራ። ግራሲያስ።» ያተረፍኩት መስሎት እኮ ነው! የሚያመሰግነኝ እኮ ነው!

ወንበሩ ላይ ተመልሼ ዘጭ አልኩ።

«ሳጅን፣ ያንን ገጽ ቅደደው።»

«ምን?»

«ቅደደው። እሱ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። አዝነሃል ወይ አልኩት፣ በጣም አለኝ፤ በቃ፣ ሌላው ሁሉ የኔ ነው።»

በሩ ላይ «ትችላለች» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ዓይናቸው እንደፈጠጠ ቀረ። ሳጅን ጮሆ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ማማ፣ መዝገቡ ገጹ ቁጥር አለው፣ አይቀደድም። የምትይውን ከሥሩ እጽፋለሁ። ግን ቃል በቃል ብለሽ ፈርመሻል። በሐሰት አስተርጉሜያለሁ ማለት አንቺንም እዚያ የእስረኞች በር ውስጥ ሊያስገባሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

ዋሪዮ ግን አልቻለም። ዘሎ ተነሳ። «ፈረንጁ ምን አጉርሶሽ ነው ምላስሽ የታጠፈው? አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ! ነገ ጉዮ ቢሞት፣ ሴኞራ፣ ኦዳ ላይ የሚረግጥ እግር እንዳይኖርሽ!»

የዋሪዮ ሚስት ልጄን አርሳታለች፤ እንዲህ ያለ ዝምድና ነው ያለን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ስንቴ ሰምቼ ስንቴ ስቄያለሁ። ያን ቀን አልሳቅሁም። «ዋሪዮ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ምንም አላጎረሰኝም። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው» አልኩት። አላመነኝም። ማን ያምናል?

ሳጅን ንጹህ ወረቀትና እርሳስ አወጣና መሃላችን አስቀመጠ። «እንደገና እንጀምራለን። የማታውቂውን አላውቅም በይ። አንዲት ቃል ብትጨምሪ ግን ሁለታችሁንም አስገባችኋለሁ።»

ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ለራሞን መጀመሪያ የነገርኩት «ትንሽ ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ ነው የተማርኩት። ይቅር በለኝ» ብዬ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ምን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ያኔ የገባው ይመስለኛል። ከዚያ እርሳሱን አነሳ።

መንገዱን ሣለ፣ ሞተሩን ሣለ፣ ቀስቱን በቀኝ በኩል ሣለ። ያኔ ገባኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ኬንያ በግራ፤ የሚቀየረው እዚሁ እኛ ድንበር ላይ ነው። ራሞን ከተሻገረ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ ረስቶ ቀኙን ይዞ ኦዳ አጠገብ ኩርባው ላይ ቦዳ ቦዳ የምንለው የኪራይ ሞተር ፊት ለፊቱ መጣበት። ሊሸሸው ሲጠመዝዝ ፍየሎቹን ይነዳ የነበረውን ጉዮን ገጨው። ይሄን ሲያስረዳ ደረቱን እየመታ «ኩልፓ፣ ኩልፓ ሚያ» ይል ነበር። ኩልፓ ምንድን ነው አልኩት። በሠራው ሥዕል ላይ የራሱን ሞተር በጣቱ ደጋግሞ መታው። ጥፋት ማለት ነው ለካ። ጥፋቱ የኔ ነው ይል ነበር፤ ሰውዬው ራሱ፣ በገዛ አፉ!

«ሳጅን፣ ሲገጨው ጥፋቱ የኔ ነው ይላል» አልኩ። «ይሄንን አሁን እሱ ነው ያለው።»

ሳጅን ጻፈ። «ሸሽቶ ነበር ወይ?»

«መሸሽ የሚለውን አላውቀውም።» ተነሳሁና፣ በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ውፍረቴ፣ ወደ ኋላ እየገላመጥኩ በክፍሉ ውስጥ ሮጥኩ። ማንም አልሳቀም። ራሞን ገባው። «ኡይር?» አለ፤ ከዚያ እንደ እሳት ተነሳ። «ኖ! ኡይር ኖ!» ሸሚዙን አሳየ። ከሥሩ የለበሰውን ካናቴራ ቀዶ የጉዮን ራስ እንዴት እንዳሰረ በእጁ አሳየ። ከዚያ ወደ ከተማ የሚሄደውን መንገድ ሣለና «አዩዳ» አለ። «አዩዳ፣ አዩዳ።» ይህችን አውቃታለሁ። ቅርጫቱ ሲከብደን እርስ በርስ የምንጣራባት ናት፤ እርዳታ ማለት ናት። ሰው ሊጠራ ነው የሄደው። ስልክ አይሠራም፣ ያ ቦዳ ቦዳ ሳይቆም አልፏል፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ኦዳ ሲደርስ እጁ ደም፣ ሸሚዙ ደም፣ ቋንቋ የለውም፤ ገጭቶ ሊያመልጥ ነው ብለው ያዙት። በኋላ ደግሞ ሌላ የቦዳ ቦዳ ልጅ ጉዮን ብቻውን ወድቆ አግኝቶ ነው ሆስፒታል ያደረሰው።

«ምስክር አለው?» አለ ሳጅን። ምስክር አላውቅም፤ በጣቴ ዓይኔን አሳየሁት። «ቴስቲጎ» አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ የለም። ጠበቃ ደግሞ «አቦጋዶ» ነው፤ ከዳኛ ፊት ከአጠገቡ የሚቆም ሰው ሥሎ አስተማረኝ። በዚያ ጠዋት በሰው ነፍስ ላይ የተማርኳቸው ቃላት ናቸው፤ እስከምሞት አልረሳቸውም።

ዋሪዮ ሲሰማ ቆይቶ «ታሪክ ነው» አለ። «እሷ ነች የፈጠረችለት።» ተነስቶ ሄደ።

እንግዲህ የቀረው ጉዮ ብቻ ነው። እሱ ሳይነቃ ከሞተ፣ ራሞን ሸሽቷል የሚለው የኔ ፊርማ ነው የሚቀረው፤ አልሸሸም የሚለው ደግሞ ማንም የማያምነው የኔው አፍ። ሐሙስን እንዴት እንደዋልኩት አላውቅም። ሁለት ጊዜ ተሳፋሪ የተሳሳተ ባስ ላይ አስቀመጥኩ። ሲጣሉም ዝም አልኩ።

አርብ ረፋዱ ላይ ሳጅን ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። ጉዮ ዓይኑን ገልጧል። አልጋው ዳር ሚስቱና ዋሪዮ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያይ ዋሪዮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሳጅን በስዋሂሊ ጠየቀ፣ ዋሪዮ ራሱ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እኔ እንዳላስተረጉም ተነግሮኛል።

ጉዮ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሞተሩ ሲመታው ያስታውሳል። ፍየሎቹ ሲበታተኑ ያስታውሳል። «ከዚያ ሽማግሌ ፈረንጅ መጣ። ልብሱን ቀዶ ራሴን አሰረኝ። ፊቴን ይዞ አንድ ነገር ደጋግሞ አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ። እየረገመኝ ነው የመሰለኝ፤ ጥሎኝ ሄደ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።»

«ምን ነበር ያለህ?» አለ ሳጅን።

ጉዮ ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቱ ከኦሮምኛና ከጥቂት ስዋሂሊ በቀር ሌላ ቋንቋ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከንፈሩ ደርቋል። ቀስ ብሎ፣ ቃሏን እየፈለገ፣ «አዩዳ» አለ። «አዩዳ፣ አዩዳ… እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

ሳጅን ወደ እኔ ዞረ፤ አፌን ልከፍት ስል እጁን አነሳ። «ይህችን አታስተርጉሚልኝ፣ ማማ። ትናንት ሰምቻታለሁ።» ዋሪዮም ሰምቷታል። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ምንም ሳይለኝ የተቀመጠበትን ወንበር ገፋልኝ።

ራሞን ዳኛ ፊት ቀርቦ በግዴለሽነት በማሽከርከር ብቻ ተቀጣ፤ ሸሽቷል የሚለው ክስ ተነሳለት። የኦዳ ሽማግሌዎችም ከጉዮ ቤተሰብ ጋር አስታረቁት። ጉዮ ቁጭ ማለት እስኪችል ራሞን ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ አጠገቡ ተቀመጠ፤ አንድም ቃል አይግባቡም። እኔንም ሳጅን በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ራሞን የሄደ ዕለት ከጣቢያው ስወጣ ሳጅን ለወጉ ያህል አንድ ነገር ጣለብኝ። «ለመሆኑ ማማ፣ ከዚህ በፊት እዚህ መዝገብ ላይ ስንት ጊዜ ፈርመሽልናል?»

ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ፊርማዎቼን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። በማግስቱ ተመለስኩና መዝገቡን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። አብረን ገጾቹን ገለጥን። አንዱ ያለ ወረቀት የተሻገረ፣ አንዱ ሻንጣው ውስጥ የሰው ዕቃ የተገኘበት። እያንዳንዱ ሥር ሳጅን ወይም ሌላው ፖሊስ የጻፋት አንዲት የስዋሂሊ ቃል አለች፤ «አሜኩባሊ»። አምኗል ማለት ናት። ከሥሯ ጅራቷ የተጎተተ የኔ ፊርማ። ለማስለቀቅ ብዬ ነበር፣ አዎ። ብዙዎቹም ተለቀዋል። አንዱ ግን አልተለቀቀም። ታምራት ይባላል፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ወጣት። ከስምንት ሰዎች ጋር ነበር የተያዘው። ክሱ ሰዎቹን እየመራ ያሻገረው እሱ ነው የሚል ነው። አምኗል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስር ቤት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ ለሰው ስትናገሩለት መጀመሪያ ስሙት። ደግ ነኝ ብላችሁ፣ አስታራቂ ነኝ ብላችሁ አትጨምሩለት። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ የሚያስደነግጠኝም እሱ ነው። ክፉ ብሆን ኖሮ አንዱን ነበር የምጎዳው፣ አውቄ። ዛሬ አላውቅም ማለት አላፍርም። ፖሊስ ሲጠራኝ «መጀመሪያ ምን ተብሎ እንደተከሰሰ ንገሩኝ፤ ከዚያ እሱ ይናገር» እላለሁ። አንዳንዱ ተሳፋሪ ሴኞራ ተለወጠች፣ አታግዝም ይላል። ይበል።

ያላለውን እንዳልኩበት ሳጅን ፊት ቃሌን ሰጥቼ፣ በጽሑፍ አስይዤ፣ ጠበቃ ፈልጌ፣ በባስ አንድ ቀን ሄጄ ታምራት ያለበት እስር ቤት ደረስኩ። ጉዳዩ ገና አላለቀም። በሽቦው ማዶ ሲመጣ አላወቅሁትም፤ ከስቷል። እሱ ግን ወዲያው አወቀኝ። ፊቱ በራ። ያን ቀን አማርኛ የተናገረችለት ብቸኛዋ ሰው ነበርኩ።

እያለቀስኩ ነገርኩት። ያመነው እሱ እንዳልሆነ፣ ያመንኩለት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። እሱ ያን ቀን ያለውን ለማስታወስ ብዙ ሌሊት እንደጣርኩና አንዲት ቃል እንኳን እንዳልመጣችልኝ ነገርኩት። እስከመጨረሻው ሰማኝ። ሳይቆጣ፣ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ እንዲህ አለኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ያልኩዎት፣ ውሃ ይስጡኝ በሉልኝ ነው።»